ማዕድ ቤት የቀረው አይብ

ባለፈው እሑድ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ለእራት ተጠርተን ሄደን ነበር። ወዳጃችን ከእኛው ጋር ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፥ ሥራ ከያዘም ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፥ እንግዳ ማክበርን ከእናቱ የተማረ ሰው ነው። ያን ዕለት ለእንግዶቹ ያቀረበው ግን ከእናቱ የተማረውን ምግብ አልነበረም። በገበታው ላይ የተጠበሰ የዶሮ ክንፍና በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮት ተደርድሯል፤ በመካከሉም በጐድጓዳ ሳህን፥ ነጭና ወፍራም ሆኖ እዚህም እዚያም ሰማያዊ ነጠብጣብ የሚታይበት ማጥቀሻ ተቀምጧል። «ብሉ ቺዝ የሚባለው ፎርማጆ ነው፤ የለወስኩትም እኔው ራሴ ነኝ» አለን በኩራት።

ሁላችንም እያጠቀስን በላን። ሽታው አፍንጫን የሚሰነፍጥ ነበር፤ ነገር ግን ሸተተኝ ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዱ እንግዳ «የሠለጠነ ጣዕም ማለት ይህ ነው» ብሎ አመሰገነ።

ኋላ እጃችንን ለመታጠብ ወደ ማዕድ ቤት ብንዘልቅ የወዳጃችንን እናት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘናቸው። በፊታቸው በነጭ ሽንኩርትና በኮሰረት የተለወሰ አይብ በሳህን ሞልቶ ነበር። ለምን ወደ ገበታው እንዳልቀረበ ጠየቅናቸው። «ልጄ፥ ሽታው እንግዳ ፊት ያሳፍረኛል ብሎኝ ነው» አሉን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «የሻገተውን አቅርቦ ደኅናውን መደበቅ ምን ይሉታል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አጣን።

መልስ ያጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪ ሳለን እናታችን በኮባ ጠቅልለው በሰው እጅ የላኩልንን አይብ፥ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን እንዳያዩብን ፈርተን ሳንቀምሰው ለዘበኛ የሰጠነው እኛው ነን። ለእናታችን ግን በስልክ «ደርሶናል፤ ጣፋጭ ነበር» አልናቸው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ወዳጃችንን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ ራሳችንንም ጭምር ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሰማያዊው ፎርማጆ የሚናቅ ነገር አይደለም። ከነገዱ ስመ ጥሩ የሆነው ሮክፎር የሚባለው፥ በደቡብ ፈረንሳይ ካለች አንዲት ትንሽ መንደር ስሙን ያገኘ ነው። ከበግ ወተት ይሠራል፤ መልኩንና ኃይለኛ ጣዕሙን የሚሰጠውም ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የተባለ ተመርጦ የሚጨመር ሻጋታ ነው። ፎርማጆው በኮምባሉ ተራራ ሥር ባሉት ቀዝቃዛና እርጥብ ዋሻዎች ውስጥ ይቆይና፥ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በጠቅላላው ቢያንስ 90 ቀን ይሞላዋል። ፈረንሳዮችም ይህን የመንደር ሥራ ከቶ አላፈሩበትም። እ.ኤ.አ. በ1925 ስሙን በሕግ አስከበሩለት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስፍራ የተሠራ ፎርማጆ ሮክፎር ተብሎ እንዲሸጥ አልፈቀዱም።

ማጥቀሻውም ቢሆን ከነገሥታት ግብር የወረደ አይደለም። ከዶሮ ክንፍ ጋር መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ፥ ቡፋሎ በምትባለው ከተማ ነው ይባላል። እንደሚነገረው፥ ቴሬሳ ቤሊሲሞ የተባሉ የምግብ ቤት ባለቤት ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር በምሽት ርቦት ቢመጣባቸው፥ የዶሮ ክንፍ ጠብሰው በቤቱ ከነበረው የፎርማጆ ማጥቀሻ ጋር አቀረቡላቸው። እንግዲህ ወዳጃችን የሥልጣኔ ምልክት ያደረገው ገበታ፥ አንዲት እናት ለልጃቸው ካገኙት ያዘጋጁት እራት መሆኑ ነው። የእኛዪቱ እናት ግን ማዕድ ቤት ተቀምጠው ቀሩ።

አሠራሩን ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ እነሆ፦ 100 ግራም ያህል ሰማያዊ ፎርማጆ በሹካ ይደቆሳል። ግማሽ ስኒ እርጎና ግማሽ ስኒ ማዮኔዝ፥ አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፥ ጥቂትም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮ ይለወሳል። ፎርማጆው ራሱ ጨው ስላለበት ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ተቀምሶ ነው። ከዚያም አንድ ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ቢቆይ ጣዕሙ ይዋሐዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። አይብ የሚሠራው ወተት ረግቶ ከተናጠ፥ ቅቤውም ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት ከ40 እስከ 70 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲሞቅ አይቡ እየተቋጠረ ከአጓቱ ይለያል፤ ቀዝቅዞም ይጠለላል። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል። ከመቶው 15 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፥ ቅባቱ ግን 2 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ቅቤው አስቀድሞ ወጥቷልና። አይብ በአፍ ውስጥ ፍርፍር የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ባሕር ማዶው ማጥቀሻ እንዲለሰልስ የሚፈልግ ሰው ጥቂት እርጎ ወይም አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጨምሮ በደንብ ይምታው፤ ነጭ ሽንኩርት፥ ቃሪያና ጤና አዳምም ያክልበት። በካሮትም በቆጮም ቢያጠቅሱት የሚያስከፋ ነገር የለውም።

ይህን ስንል ግን የአገር ቤት የሆነው ሁሉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ካልፈላ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች ሊተላለፉ ይችላሉ፤ የአይቡ ለስላሳ እሳትም ሁልጊዜ አይገድላቸውም። ስለዚህ በቤቱ የሚሠራ ሰው ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ፥ ሲበርድ ጥቂት እርጎ እንደ እርሾ ቢጨምርበት መልካም ነው። ደግሞም ሻጋታ ሁሉ ሮክፎር አይደለም። በገዛ እጁ የሻገተ አይብ ተመርጦ የተዘራ ዘር ስለሌለው መጣል አለበት። በዚህ ነገር እናቲቱ ልክ ናቸው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ፈረንሳዮችን ከእኛ የለያቸው ሻጋታው አይደለም፤ የመንደራቸውን ሥራ በስሙ መጥራታቸው፥ ንጽሕናውን መጠበቃቸውና በእንግዳ ፊት በኩራት ማቅረባቸው ነው። ከእነርሱ የምንማረው ይህንኑ ቢሆን ይጠቅመናል። የፎርማጆውን ዋጋ ያለ ክርክር ከፍለን፥ ከገጠር አይብ ተሸክማ የመጣችውን ሴት በጥቂት ብር የምንጨቃጨቅም ካለን፥ ስምንቱን ሊትር ወተት እናስብ። ወዳጃችንም በሚመጣው ግብዣ ሁለቱን ሳህኖች ጐን ለጐን ያቅርብ፤ እናቱንም ከገበታው ራስ ያስቀምጥ።

እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ለእናታችን ደውለን የዚያን የጥንቱን አይብ እውነት ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ዘበኛው ጣፈጠኝ አለ?» ብለው ጠየቁን። «አዎን፥ አመስግኖ በላ» አልናቸው።

«እንግዲያው እኔ አልከሰርኩም» አሉ። የከሰርነው እኛ ነን።