ርዕሰ አንቀጽ፦ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

የ2017 ዓ.ም. መስቀል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024፣ ከአትላንታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮንየርስ የባዮላብ የመዋኛ ገንዳ ኬሚካል መጋዘን በእሳት ተያያዘ። 17 ሺህ ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ 90 ሺህ ያህሉ በርና መስኮቱን ዘግቶ እንዲቀመጥ ተነገረው። የክሎሪኑ ሽታ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አትላንታ ድረስ ዘለቀ። ባለሥልጣናት በዕለቱ እንደተናገሩት መነሻው፣ እሳት ሊያጠፋ የተገጠመ የውሃ መርጫ ተበላሽቶ ኬሚካሉን ማራሱ ነበር። የኩባንያው የኮንየርስ መጋዘን በ2004ም ተቃጥሎ ነበር።

እሳትን በውሃ ስናጠፋ ላደግን ሰዎች ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። ትራይክሎር የሚባለው የገንዳ ክሎሪን ብዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ጥቂት ውሃ ሲነካው ግን ይግላል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ሊያቀጣጥል ይችላል። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ነጭ ዱቄት ደግሞ ራሱ ባይነድም እሳትን ያባብሳል፤ ዘይት ወይም ነዳጅ ከነካው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ገበያ ላይ ሁለቱም "የገንዳ ክሎሪን" ናቸው። በአንድ ባልዲ ከተገናኙ ግን ሊፈነዱ ይችላሉ።

ይህን የምንጽፈው ለኮንየርስ ነዋሪዎች ብቻ አይደለም። በየሆቴሉ ገንዳ የሚያጸዱ፣ በየዓረብ አገሩ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን ነገር በየቀኑ ይነካሉ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ነው፤ አሠሪውም "ቶሎ በይ" ከማለት በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅላ፣ በር ዘግታ የምታጥብ እህታችን የምትተነፍሰው በ1915 ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደሮች ላይ የተለቀቀውን ያንኑ ክሎሪን ነው። ጋዙ ከአየር 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ተንበርክኮ የሚያጥብ ሰው ቀድሞ ያገኘዋል! ከአሞኒያ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያስከትላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ክሎሪኑን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ ክሎሪኑ አታፍስሱ። መስፈሪያው ደረቅና ለአንዱ ዓይነት ብቻ የተለየ ይሁን። ዕቃው ከአሲድና ከነዳጅ ርቆ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጉሮሮ ከከረከረ ሥራውን ጥሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው፣ አሠሪ ቢቆጣም።

የኮሙኒቲ ማኅበሮቻችን ለበዓል አዳራሽ ለመከራየት ከሚደክሙት ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉት ምን ነበረበት? የፓርቲ መግለጫ ስንደረድር የምንውል እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። ይህን ጽሑፍ አትማችሁ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ በምግብ ቤቱ ለጥፉት። ጅዳ ወይም ቤይሩት እህት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ አንብቡላት። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከልን በ1-800-222-1222 በማንኛውም ሰዓት ማግኘት ትችላላችሁ፤ መተንፈስ ላቃተው ሰው ግን ቀጥታ 911 ነው።