ከመርዶ እስከ ሙት ዓመት

ሐዘን ሰው የሚወደውንና የለመደውን ሲያጣ የሚያድርበት ሕመም ነው። ዋነኛው ምክንያት ሞት ቢሆንም ትዳር ሲፈርስ፣ ልጅ ተሰዶ ሲቀር፣ ከብት ሲያልቅ፣ ማሳ በጎርፍ ሲወሰድም ሰው ያዝናል። ማኅበረሰብ ግን ለሁሉም ዓይነት ማጣት እኩል አይዘጋጅም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወረታን መዲናው ያደረገው ይህ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ለሞት በቀን የተቆጠረ ሥርዓት አለው፤ ለሌላው ማጣት ግን ይህን የመሰለ የለውም። በዚያው ወረዳ የለቅሶን ወግ ጨርሶ የተወ ማኅበረሰብም ይኖራል። ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ሐዘንተኛን የሚያጸናው ምን እንደሆነ ለመለየት ይረዳል።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ከመርዶው ነው። ሰው ራቅ ባለ አገር ሲሞት ወሬው በልማድ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዘመድና ለጎረቤት ነው። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ሐዘንተኛው ራቱን በልቶ እንዲተኛ ይተዉትና ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ከደጁ ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌዎችን ከደጃፉ ያየ ሰው ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ነገሩ ይገባዋል። ጥበቡ ሁለት ነገር ያሟላል፤ ሐዘንተኛው መርዶውን ብቻውን አይሰማም፣ ደክሞትና ርቦትም አይሰማም። የእጅ ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን ወግ ብዙ ጎድተውታል። ዛሬ የወንድሙን ሞት ገበያ መሐል ቆሞ፣ ከማያውቀው ሰው ገጽ ላይ በፎቶ የሚያይ አለ። ወሬው ቢፈጥንም ደግፎ የሚይዘው ክንድ አብሮት አይደርስም።

ቀጥሎ ቀብርና ለቅሶ ይመጣል። በክርስቲያኑ ዘንድ አስከሬኑ ይገነዛል፣ ፍትሐት ይደረስለታል፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ቀኖቹ በተርታ ይመጣሉ፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ሦስተኛው ቀን ከክርስቶስ ትንሣኤ፣ አርባኛው ከዕርገቱ ጋር ይያያዛል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ሰው ወደ ዓለም ሲገባ የተቆጠሩለት ቀኖች ሲወጣም ይቆጠሩለታል። የእነዚህ ቀኖች ጥቅም ከጸሎቱም አልፎ ይሄዳል። ሐዘን መጨረሻው የማይታይ ሆኖ በሚያስጨንቅበት ሰዓት ሥርዓቱ ቆራርጦ ያቀርበዋል። ሐዘንተኛው ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደሚኖር ማሰብ አይጠበቅበትም፤ እስከ ሠልስት፣ ከዚያም እስከ ሰባት መድረስ ብቻ ይበቃዋል።

በለቅሶው መሐል አልቃሽ አለች። የሟቹን ሥራ፣ ደግነቱን፣ እርሻውን፣ ጀግንነቱን በሙሾ እያነሣች ታስለቅሳለች፤ የለበሰው ልብስና የያዘው መሣሪያ ለቅሶው መሐል ይወጣል። ለማያውቀው ይህ ቁስል መነካካት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በድንጋጤ ደርቆ የተቀመጠ ሐዘንተኛ እንባው የሚፈሰው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ አልቃሿ የምታደርገው ከልብ ያለውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ሟቹ በአደባባይ ስለተመሰከረለትም ቤተሰቡ የሰውዬው ሞት ለሌላውም ጉዳት እንደሆነ ያውቃል።

ከለቅሶው ሲመለስ ሐዘንተኛ ምድጃ አይጭርም። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። በፎገራ አሁን አሁን እንጀራው የጤፍና የሩዝ ቅይጥ ሆኗል። ባሏን የቀበረች ሴት እጇን ወደ መሶቡ አትዘረጋም። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት ቆርሳ ታጎርሳታለች፤ «እታለም፣ ትንሽ ቅመሺ፤ ልጆችሽ አንቺን ነው የሚያዩ» ትላታለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሞት ምንም የረቀቀ ነገር አይነጋገሩም። ጉርሻው ግን ሐዘንተኛዋን ወደ ልጆቿ ይመልሳታል። ወንዶቹ ደግሞ ማታ ማታ እየመጡ በመደቡና በመሬቱ ላይ ያመሻሉ፤ ወቅቱ የእርሻ ከሆነ ለሐዘንተኛው ማሳ ደቦ ይወጡለታል። ዕድር ባለበት ቦታ ድንኳኑ፣ ወንበሩና የቀብሩ ወጪ ከማኅበሩ ይሸፈናል።

የሙስሊሙም ሥርዓት በቀን የተወሰነ ነው። ቀብሩ ሳይዘገይ ይፈጸማል፤ የሐዘን ጊዜው ለዘመድ ሦስት ቀን ነው። ባል የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሐዘን ጊዜ ሰጥተው ድንበርም አበጅተውለታል።

ከዚህ ሁሉ የተለየው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ከዓለም በር ከተማ ገባ ብሎ የሚገኘው አውራ አምባ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ተዝካር አያወጣም፣ ለቀናት ለቅሶ አይቀመጥም። ሰው ሲሞት ለመቅበር የሚያስፈልጉት ሰዎች ይሄዳሉ፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ለሞተ ሰው የሚፈስ እንባም ሆነ ገንዘብ ሟቹን አይጠቅምም፤ ሊረዳ የሚገባው በሕይወት እያለ ነው። ጉልበታቸው ለደከመ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ያቋቋሙትና ለችግረኛ የሚውል ሥራ በጋራ የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ማኅበረሰቡ ራሱ ማጣትን ያውቃል። በደርግ ዘመን መጨረሻ መንደሩን ጥሎ ወደ ከፋ፣ ቦንጋ ተሰዶ ነበር። ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ብቻ ቀረው። ከዚያ በኋላ በሽመናና በወፍጮ መተዳደርን አጠናከረ።

ዙሪያው ያሉት ገበሬዎች የአውራ አምባን ወግ ለረጅም ጊዜ እንደ ጭካኔ ቆጥረውታል። ሆኖም የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። አባቱን በሕመሙ ወራት ሐኪም ቤት ለመውሰድ ገንዘብ ያጣ ልጅ ለተዝካሩ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ድግስ ይደግሳል። ዕዳውን የሚከፍሉት ባል የሞተባት ሴትና ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ናቸው። ተዝካር በመነሻው የጸሎትና የምጽዋት ቀን ነው፤ ድኻ ሊበላው የሚገባውን የጎረቤት ይሉኝታ ወደ ፉክክር ሲለውጠው ሐዘኑ ላይ ድህነት ይጨመራል። በሌላ በኩል የአውራ አምባ መንገድ ያለ ለቅሶ የሚያስኬደው የማኅበረሰቡ ሰዎች ሰው ከመሞቱ በፊትም ሆነ በኋላ ስለማይለያዩ ነው። ለቅሶውን ትቶ መረዳዳቱን ያልያዘ ሰው ሐዘንተኛውን ባዶ ቤት ውስጥ ነው የሚተወው።

የሥነ ልቦና ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ ያቀረበቻቸው አምስት ደረጃዎች፣ ማለትም መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴና መቀበል፣ በዓለም ዙሪያ ታውቀዋል። መነሻቸው ግን ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን ነበሩ። የሐዘንተኛ ሁሉ ስሜት በዚያ ተራ እንደሚሄድ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አላረጋገጡም። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለፎገራ ገበሬ ኑሮ ይቀርባል። በእነሱ አመለካከት ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሐዘኑ፣ አንዴ ወደ ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚድነው። ጠዋት ማሳው ውስጥ ውሎ ማታ የሚያለቅስ ገበሬ ሟቹን አልረሳም፤ ምልልሱ ራሱ መዳኛው ነው።

ሐዘን ከልክ አልፎ በሽታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል፤ መለኪያው ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ ኑሮን የሚያውክና ከአካባቢው ባህል ልማድ ያለፈ መሆኑ ነው። በአገራችን ስሌት ይህ ከመንፈቁ ጋር ይገጥማል። መንፈቁ አልፎ ሐዘንተኛው እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ መኖርን ከጠላ ጉዳዩ የምክር ብቻ አይደለም። ጠበሉ እንዳለ ሆኖ ወደ ጤና ባለሙያም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሥርዓቱ በደንብ የማይሠራበት አንዱ ቦታ አስከሬን የሌለበት ሐዘን ነው። በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የወጣ፣ ወደ ጦርነት ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ቤተሰብ ከየትኛው ቀን ጀምሮ አርባ ይቆጥራል? መርዶው ከመጣ በልብሱና በፎቶው ይለቀሳል። መርዶ ካልመጣ ግን ማልቀስ እንደ ሟርት ስለሚቆጠር እናት በተስፋና በሐዘን መሐል ትቀራለች። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ይህን ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ከሁሉም ከባዱ ትለዋለች። ጎረቤት ለእንዲህ ዓይነቷ እናት የሚያደርገው የታወቀ ወግ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ዝምታው ይበልጥ ይጎዳታል።

ሌላው ክፍተት የኑሮ ማጣት ነው። የፎገራ ሜዳ ከሩዝ በፊት የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ጥቁርና ነጭ ቡሬው የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራ ናት፤ ውሃ የተኛበት የሜዳው ሣር ለእሷ የተመቸ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ቀስ በቀስ ሜዳውን ያዘ። ጤፍን የሚያበሰብሰው የክረምት ውሃ ለሩዝ ተስማማ። ገበሬው ገንዘብ አገኘ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ግጦሹ ግን ጠበበ፣ የከብቱም ዘር ተመናመነ። በከብት አድጎ በከብት የሸመገለ ሰው ይህን ሲያጣ ለቅሶ የደረሰው የለም፤ በትርፉ እንኳን ደስ አለህ ተባለ እንጂ።

ጎርፉም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። እህልና ብርድ ልብስ መጣ፤ ውሃው ሲሸሽ ሰው ወደ ጭቃው ተመለሰ፣ የባሕር ሸሹን መሬት ዳግም ዘራ። ይህ ትጋት ያስመሰግናል። ሆኖም ጎተራው የተወሰደበት፣ ጥማድ በሬው የሰመጠበት ገበሬ ሠልስትም አርባም የለውም። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እየወረረ ያለው እንቦጭ መረቡን ያከሸፈበት አሳ አጥማጅም የሚቀመጥበት የሐዘን ቤት አልተዘጋጀለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ቀላል ነው። ከለቅሶው ወግ መጠበቅ ያለበት ሰው ለሰው የሚደርስበት ክፍሉ ነው፦ በንጋት የሚነገረው መርዶ፣ እዝኑ፣ የማታ ማምሻው፣ የማሳው ደቦ። መቅረት ያለበት ዕዳ የሚያስገባው ድግስ ነው። ከአውራ አምባ መወሰድ ያለበት ደግሞ ለሰው በሕይወቱ መድረስ ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሐዘንተኛው ብቻውን ስለሚሆን ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለቅሶ የደረሱበትን ቤት ከአርባው በኋላም ይጎብኙት፤ ልጁ የጠፋበትን፣ በሬው የሞተበትን፣ ማሳው የተወሰደበትንም ሰው እንደ ሐዘንተኛ ቆጥረው «እግዜር ያጽናህ» ይበሉት።