የመኪናው ወጪ በቤት ቆጣሪ ሲቆጠር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የባለመኪናው ወጪ ከማደያ ወደ ቤት ቆጣሪ እየተሸጋገረ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር በማለፉ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና ከ800 ብር በላይ ይጠይቃል፤ ለዚሁ መንገድ 18 ኪሎዋት ሰዓት (አንዱ፣ የ1,000 ዋት መሣሪያ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ነው) የሚበቃው የኤሌክትሪክ መኪና ግን፣ የአንዱ ዋጋ 10 ብር ቢታሰብ እንኳ፣ 180 ብር ያስወጣል።

ሆኖም ስሌቱ እዚህ ላይ ሊቆም አይገባም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚያድግበት የእርከን ታሪፍ በመሆኑ፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእንጀራ ምጣዱና በመብራቱ ላይ የሚደርበው 180 ኪሎዋት ሰዓት የቤተሰቡን ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል። ከዚህ የከበደው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ ላይ ግቢ ያለው ሰው ሌሊቱን ከራሱ ቆጣሪ ባትሪውን ሲሞላ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ገመድ የሚዘረጋበት መንገድ የለውም። የሚመለከታቸው አካላት በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የራሳቸው ቆጣሪ ያላቸው የጋራ መሙያ ጣቢያዎችን ሳይውሉ ሳያድሩ ይትከሉ።