ክፉ ሐሳብ መጣ ማለት ክፉ ሰው ሆኑ ማለት አይደለም

አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አጠገቧ አስተኝታ ሽንኩርት ስትከትፍ «በዚህ ቢላ ልጄን ብወጋትስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት መጣባት እንበል። ደንግጣ ቢላውን ትደብቃለች። ከዚያ ወዲህ ከልጇ ጋር ብቻዋን መሆን ትፈራለች። እዚህ ካኩማ ቤት ከቤት የተጠጋጋ ነው፤ «ሰይጣን ሰፍሮባታል» እንዳትባል፣ ልጇንም እንዳይወስዱባት ሰግታ ዝም ትላለች።

እንዲህ ያለ ሐሳብ በጤነኛ ሰውም ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እየተመላለሰ ሲያስጨንቅና ቢላ ሲያስደብቅ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ኦ.ሲ.ዲ. ይሉታል። እናትየዋ የምትሸበረው ልጇን መጉዳት ስለማትፈልግ ነው።

ሐሳቡን በግድ ለማባረር አትታገሉ፤ ይብሳል። «ሐሳብ ነው፤ መጣ፣ ይሄዳል» ብላችሁ የያዛችሁትን ሥራ ቀጥሉ። ቢላ መደበቅ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፍርሃቱን ግን ያጠነክራል። ሕክምናው የሚፈሩትን ነገር በሠለጠነ ባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ መለማመድ ነው። እንደ ፍሉክሰቲን ያለ መድኃኒትም አለ፤ ለውጡ ሳምንታት ስለሚወስድ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡት። ጸሎቱንም ዱዓውንም ሳትተዉ ወደ ክሊኒክ ኑ።

ነገር ግን ድርጊቱን መፈጸም የምትፈልግ፣ «አድርጊው» የሚል ድምፅ የምትሰማ ወይም ራሷን ለማጥፋት የምታስብ ካለች፣ በተለይ አራስ ከሆነች፣ ብቻዋን ሳትተዉ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ አምጧት።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ በእምነት የተነገራችሁን በውሃ ወረፋ ላይ አታውሩ። እኔ ከሐሳቡ ይልቅ የምፈራው ዝምታውን ነው፤ ዝም የሚያሰኛት ደግሞ የእኛው አፍ ነው።