ሐኪሙ «አላውቅም» ሲል ሰፈሩ ከየት ያውቃል?

የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው አምስቱ ጥያቄዎች አይጠፉትም፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። ከእነዚህ ጋር ከርሜ ስመረቅ የገባኝ ነገር ቢኖር ከአምስቱ አስቸጋሪዋ «ለምን» መሆኗ ነው። ሌሎቹን ሮጦም፣ ደውሎም፣ ለምኖም መሙላት ይቻላል። «ለምን» ግን ጊዜ ትፈልጋለች፤ ማስረጃ ትፈልጋለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትገኝም። የሰፈር ጋዜጠኞች (ቡና ላይ የምናገኛቸውን ማለቴ ነው) ይህ ችግር የለባቸውም። እነሱ ሥራ የሚጀምሩት ከ«ለምን» ነው። በተለይ ጉዳዩ ነፍሰ ጡር ሆና ደም የታያት ሴት ከሆነ!

እስቲ ስሟቸው። «ጄሪካን ተሸክማ ነው።» «ያማራትን ሳትበላ ቀርታ ነው።» «ምች ነው፤ በዚያ ፀሐይ ስትዞር።» «ዓይን ነው፤ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» «ሾተላይ አለባት።» «ታክሲ ውስጥ እየተንገጫገጨች ሥራ ስትመላለስ…» መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ይልና «ማን ያውቃል፣ ራሷም ልትሆን ትችላለች» ይመጣል። ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ተከሳሿ አንድ ሰው ብቻ ናት።

የዛሬው ጨዋታዬ አጭር ነው። ሐኪም መርምሮ «ምክንያቱ አልታወቀም» ያለውን ነገር እኛ ሳንመረምር «እናውቃለን» ማለታችንን እስካልተውን ድረስ፣ ሴቶች ደሙን መደበቅ አይተዉም። ከደበቁት ደግሞ ይዘገያሉ። ደም እየፈሰሰ መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እኔም ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩትና ቡና ላይ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደም ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከ4 ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል ታያለች። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት እርግዝናቸው ቀጥሎ ይወልዳሉ። ደሙ ከማህፀን በር ሊመጣ ይችላል፤ ከኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል፤ ጽንሱ አጠገብ ከተጠራቀመ ትንሽ ደም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አልትራሳውንዱም ተነስቶ፣ ላብራቶሪውም ታይቶ ምንም አይገኝም። ጽንሱ ሲጨናገፍ እንኳን ግማሽ ያህሉ ከጅምሩ የክሮሞዞም ችግር የነበረበት ነው። ያን ጊዜ ጄሪካኑም፣ ታክሲውም፣ ያልተበላው ጥብስም ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

«ሾተላይ»ን ግን ነጥዬ ላንሳት፤ እሷ ውስጥ እውነት አለና። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሴትየዋን እየተከተለ ልጅ የሚገድልባት መንፈስ አድርገው ያዩት ነገር፣ ዛሬ በሕክምና ብዙው የደም ዓይነት አለመጣጣም መሆኑ ይታወቃል። እናትየዋ አር ኤች ኔጋቲቭ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑና ደማቸው ሲነካካ፣ የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራል፤ ጣጣው ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው በሚቀጥለው እርግዝና ላይ ነው። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። ሐኪሙ ያስፈልጋታል ካለ፣ ከወሊድም ሆነ ከደም መፍሰስ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ታዲያ ደም ያየች ሴት ሦስት ቀን ዝም ብላ ቤት ከተቀመጠች ያመለጣት ነገር ምን እንደሆነ አያችሁ? ለዚህ ነው የደም ዓይነትን ማወቅ የስልክ ቁጥርን እንደማወቅ የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልምጣ፤ ሙያዬም አይደል? አማርኛ «አስወረዳት» ይላል፤ «አስወረደች»ም ይላል። በመጀመሪያው ነገሩ የደረሰው በእሷ ላይ ነው። በሁለተኛው አድራጊዋ እሷ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ፊደል ያህል ነው፤ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው አፍ ሲወጣ ግን «አስወረዳት» በቀላሉ «አስወረደች» ይሆናል። ለሁለቱም «ውርጃ» እንላለን። ያላገባች ከሆነች ደግሞ ማንም ለማጣራት አይደክምም። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ አስገድዶ መደፈርን፣ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ እርግዝናን፣ የእናቲቱን ሕይወትና ጤና የሚያሰጋ እርግዝናን የመሳሰሉትን ማለት ነው። ሕጉ ይህን ያህል ይለያል፤ ሰፈሩ ግን አይለይም። ደሟ የሚፈስ ሴት ደግሞ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሕመምተኛ ናት። ደሟ የሚቆመው ታሪኳ አስተማማኝ ሲሆን አይደለም።

ሌላም ባህል አለን። «ሆዷ ሳይገፋ አይወራም።» ክፋት የለበትም፤ ከዓይን ለመጠበቅ ነው፣ «ቢበላሽስ» ብሎ ሐፍረትን ለመቀነስም ነው። ግን አስቡት። ዝም እንድትል የምንመክራት በእነዚያው የመጀመሪያ ወራት ነው፤ ደም ማየት የሚበዛውም በእነዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ደሙ ሲመጣ እርጉዝ መሆኗን የሚያውቅ ሰው የለም። እርግዝናዋን ላልነገረችው ሰው ደሙን እንዴት ብላ ትንገረው?

አንዲት ወዳጄ እንዲህ ሆና ነበር። 9ኛ ሳምንቷ ላይ ቢሮ ሳለች ደም አየች። ከቦርሳዋ ሞዴስ አውጥታ ተጠቅማ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ወደ ስብሰባው ተመለሰች። (ስብሰባ!) ማታ ለባሏ ነገረችው። እሱ ደግሞ እናቱን እንጠይቅ አለ። እናቱ «ልጄ ተኚ፣ አትነሺ፣ ለማንም አትናገሪ» አሏት። ተኛች። በሦስተኛው ቀን እህቷ ሰምታ እየገፋች ጤና ተቋም ወሰደቻት። ካርድ ክፍል የነበረው ልጅ ሰው በተደረደረበት «ምን ሆነሽ ነው?» አላት ጮክ ብሎ። እሷም «ሆዴን አሞኝ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ሆዱን እንዳመመው ሰው ሁሉ ተራዋን ጠበቀች። ሐኪሟ ግን ደግ ነበረች። አልትራሳውንዱን አይታ «የልብ ምቱ አለ። ደሙ ከየት እንደመጣ ግን አይታየኝም። በሳምንቱ ተመለሺ፤ ከባሰብሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ነይ» አለቻት።

መጨረሻው ምን ሆነ? ሆን ብዬ አልነግራችሁም። ልጁ ተወልዷል ብላችሁ «ተኝታ ስለነበረ ነው» ትላላችሁ፤ አልተወለደም ብላችሁ «ስብሰባ ላይ ስለተቀመጠች ነው» ትላላችሁ። አውቃችኋለሁ! ለነገሩ አልጋ ላይ መዋል የጽንስ መጨናገፍን እንደሚከላከል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። መጨረሻው የትኛውም ቢሆን መሄዷ ትክክል ነበር፤ መሄድ የነበረባትም በመጀመሪያው ቀን ነበር።

ምክንያቱም በምርመራ ብቻ የሚለዩ አደገኛ ነገሮች አሉ። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ከተፈጠረ ደሙ ትንሽ ሆኖ ውስጥ ለውስጥ ግን ሊፈስ ይችላል። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ካለ «እስቲ ይንጋ» አይባልም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ትንሽም ቢሆን፣ ባያምም ደም ከታየ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶ ተቀምጦ ከሆነ ያለ ምንም ሕመም ደማቅ ደም ይፈሳል፤ ቦታው በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ በጣት መመርመርም ሊያብሰው ይችላል። የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ከተላቀቀ ደግሞ ሆድ ይጠነክራል፣ ያማል፤ ደሙ ግን ውስጥ ተጠራቅሞ ውጭ ላይ ጥቂት ብቻ ሊታይ ይችላል። በዚህ ሰዓት ሆድ ማሳሸትም፣ «ይጠግነዋል» ተብሎ የሚጠጣ ቅጠልም ይቅር።

የእናቶችን ሞት ያጠኑት ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል። አንደኛው ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ደርሶ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። አገራችን ላይ ለውጥ የለም አልልም። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶቹ መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 871፣ በ2016 ደግሞ 412 ነበሩ። መንገድ ተሠርቷል፣ ጤና ጣቢያ ተከፍቷል፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ሆኗል፣ ለአምቡላንስ 907 ይደወላል። አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ሁለተኛውን መዘግየት (ትራፊኩ ሳይረሳ!) ምክንያት ማድረግ ይከብዳል። የመጀመሪያው ግን ሳሎናችን ውስጥ ነው ያለው። እሱን የሚያሳጥረው ሚኒስቴር የለም፤ እኛ ነን።

ስለዚህ ልለምናችሁ።

እህቴ፣ ደም ካየሽ የመጀመሪያ ሥራሽ «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ራስን መመርመር አይደለም። መቼ እንደጀመረ፣ ቀለሙን፣ ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ፣ ሕመም መኖር አለመኖሩን ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ዛሬውኑ ይወቅ። ካርድ ክፍል «እርጉዝ ነኝ፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው» በይ፤ የሰው ጆሮ ቢያስፈራሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጪ። ሐኪሙ «ምክንያቱ አልታወቀም» ቢልሽ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ያልሆነው ምንድን ነው? መቼ ልመለስ? ምን ካየሁ ሳልጠብቅ ልምጣ? የሆርሞን ምርመራው ከ48 ሰዓት በኋላ፣ አልትራሳውንዱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊደገም ይችላል። ያ ጥበቃ ከባድ ነው፤ ብቻሽን አትጠብቂው። ተቀጥረሽ የምትሠሪ ከሆንሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሐኪም ፈቃድ እንዲሰጣት ካዘዘ ከነደመወዟ ነው የምታርፈው። ችሮታ አይደለም፣ መብትሽ ነው።

ወንድሜ፣ «እናቴን ልጠይቅ» ጥሩ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሆነህ ደውልላቸው። እማማም ቢሆኑ ይመርቋት፤ ምርመራውን ለሐኪሙ ይተዉለት። ካርድ ክፍል ያለኸውም ልጅ፣ ድምፅህን ዝቅ ማድረግ በጀት አይጠይቅም።

ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። የሰው ለሞተበት «እግዜር ያጥናህ» እንላለን። ደም እያየች ለምትጠብቅ፣ ወይም ጠብቃ ላጣች ሴት ግን የምንለው አጥተን «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለን እንሸሻለን። ይህን ያህል የኀዘንና የደስታ ሥርዓት ያለን ሕዝብ ለዚህ አንድ ቃል እንዴት ጠፋን? እኔ ያገኘሁት እጅግ ተራ ነው፤ «ጥፋትሽ አይደለም፤ ተነሺ አብረን እንሂድ»። ካላችሁ የተሻለ አምጡ። እስከዚያ ግን በዚህ እንጠቀም።

ቸር እንሰንብት።