መነጽር ለሚያደርጉ ፎቶግራፍ አንሺዎች

የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ ለልጅ ልጅ የሚቆይ ቅርስ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ማንሻ መኪና የሚገለገሉ፤ ዓይናቸውም በመነጽር የሚረዳ አንባቢዎቻችን ጥቂት ነገር ቢያስተውሉ መልካም መስሎ ስለ ታየን ይህን ጻፍን።

መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑን ወደ መኪናው መመልከቻ መስኮት አስጠግቶ ማድረስ አይችልም። ዓይን በራቀ መጠን የሚታየው እየጠበበ ይሄዳልና የሥዕሉ ዳር ይሰወርበታል። ሁሉን ለማየት ሲል ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ መኪናው ግን የተሰወረውንም ዳር ጨምሮ ስለሚያነሣ የሽማግሌዎቹ ፊት ያንሳል፤ ያልታሰበ አጥርና ዕቃም ይገባበታል። መነጽሩን ቢያወልቅ ደግሞ የሰዎቹን መልክ አጥርቶ አያይም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 የወጣው ሦስተኛው ላይካ በርቀት መለኪያው መመልከቻ ላይ ለዓይን ማስተካከያ የሚሆን ትንሽ ዘንግ አለው፤ ነገር ግን የዓይንን ጉድለት ሁሉ አያርምም። በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3 መስኮቱ ብሩህ ቢሆንም፥ የ50 ሚሊሜትሩ ክፈፍ ወደ ዳር የተጠጋ ስለ ሆነ ባለመነጽሩን ያስቸግራል። በ1929 የወጣው ሮላይፍሌክስ ግን ከደረት ላይ ተይዞ ሥዕሉ ከላይ በፈዘዘ መስተዋት ስለሚታይ ይመቻል፤ ግራና ቀኙን ግን አገላብጦ ያሳያል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ መነጽርዎን አያውልቁ፤ ዓይንዎን እያዘዋወሩ አራቱን ማዕዘን በየተራ ይመልከቱ፤ የመስኮቱ ጠርዝ ብረት ከሆነ መነጽሩን እንዳይፍቀው ስስ የጎማ ቀለበት ያድርጉበት። የአያት ፊት አንድ ጊዜ ካመለጠ ተመልሶ አይገኝምና፥ ጥቂት መታገሥ አያስቆጭም እንላለን።