ደንበኛው ባሕር ማዶ፣ ግብር ከፋዩ ቡራዩ፦ ከቅጥር የወጡ ባለሙያዎች የውጭ ገቢና የግብር ግዴታቸው

በኢትዮጵያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግብሩን በራሱ እጅ አይከፍልም። አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ ሠራተኛው የሚያየው የተጣራውን ገንዘብ ነው። የጡረታውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፣ ስሌቱን የሚሠራው ግን የድርጅቱ የደመወዝ ክፍል ነው። ከባንክ ወይም ከአማካሪ ድርጅት ለቅቆ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ ወይም ሰነድ የሚተረጉም ባለሙያ ከወር ደመወዙ ጋር ይህንንም አገልግሎት ይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱ የደመወዝ ክፍል ራሱ ነው።

በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ማደሪያ ሆነው ቆይተዋል። በቤቱ ተቀምጦ ለቶሮንቶ ወይም ለለንደን ደንበኛ የሚሠራ ሰው ግን ማደሪያውና መሥሪያው አንድ ነው። የዚህ ሰው የግብር ግዴታ በሕግ የታወቀ ነው፤ ግዴታውን የሚወጣበት መንገድ ግን ለሱቅና ለፋብሪካ እንጂ ለእርሱ አልተጠረገም። መንገዱን መጥረግ ከሁሉ አስቀድሞ የከተሞቹ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ተግባር ሊሆን ይገባል።

በቅድሚያ ግዴታው ይታይ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ግብር የሚከፍለው በየትኛውም የዓለም ክፍል ባገኘው ገቢ ላይ ነው። ነዋሪ የሚባለውም መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀናት በላይ በአገር ውስጥ የቆየ ነው። ስለዚህ «ገንዘቡ የመጣው ከውጭ ነው» የሚለው ክርክር በሕግ ፊት አይቆምም። ሌላው የተለመደ ስሕተት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ይመነጫል። ወደ ውጭ የሚላክ አገልግሎት በዜሮ ምጣኔ ስለሚስተናገድ ብዙዎች ገቢውም ከግብር ነጻ ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ታክሶች ናቸው።

በውጭ አገር የተከፈለ ግብርም የራሱ ሥርዓት አለው። አዋጁ በውጭ የተከፈለውን ግብር፣ ማስረጃ እስከቀረበና በዚያው ገቢ ላይ በኢትዮጵያ ከሚፈለገው እስካልበለጠ ድረስ፣ ከአገር ውስጡ ግብር ያቀናንሳል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚቀናነስ ነገር አይኖርም። በአሜሪካ ሕግ የአገልግሎት ገቢ ምንጭ የሚባለው ሥራው የተሠራበት ስፍራ ነው፤ አሜሪካዊ ያልሆነ ባለሙያ ሰበታ ተቀምጦ የሠራው ሥራ ገቢው ከአሜሪካ እንደመነጨ አይቆጠርም። ደንበኛው የሚያስሞላው ዳብልዩ-8 ቤን የተባለው ቅጽ የባለሙያውን የውጭ አገር ሰውነት ያረጋግጣል፤ የሚያገለግለውም ከተፈረመበት ዓመት በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት ፍጻሜ ነው። ቅጹን መሙላት በኢትዮጵያ ግብር እንደመክፈል የሚቆጥር ሰው ካለ ተሳስቷል።

ቀጣዩ ጥያቄ የውሉ ዓይነት ነው። የውጭው ድርጅት ባለሙያውን ቀጥሮት ከሆነ ገቢው በሠንጠረዥ «ሀ» የቅጥር ገቢ ነው፤ በየወሩ የሚታሰብ፣ የሥራ ወጪ የማይቀነስበት። ራሱን ችሎ አገልግሎት የሚሸጥ ከሆነ ግን በሠንጠረዥ «ሐ» የንግድ ሥራ ገቢ ነው፤ ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል፣ የሒሳብ መዝገብ ለያዘም የኢንተርኔት፣ የመብራትና የኮምፒዩተር ወጪ ይታሰብለታል። የሁለቱም ከፍተኛ ምጣኔ 35 በመቶ ነው፤ ምጣኔው የሚያርፍበት መጠን ግን እጅግ ይለያያል። ውልን ሳያነቡ መፈረም ከዚህ በኋላ የግብር ጉዳይም ይሆናል።

ግብሩስ ለማን ይከፈላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 በክልል ውስጥ የሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሉ ሰጥቷል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተደራጀው የሸገር ከተማ ውስጥ ስለተካተቱ በቡራዩ ቤቱ የሚሠራ ባለሙያ ግብሩን የሚከፍለው ለኦሮሚያ ክልል ነው። አድራሻውን በዘመድ ወይም በወዳጅ ቢሮ አዲስ አበባ ላይ ያስመዘገበ ባለሙያ፣ መንገዱን የሚጠቀምበትን፣ ውኃ የሚጠብቅበትን ከተማ ገቢ ወደ ሌላ ያሻግራል። ይህን የሚያደርገው ለማጭበርበር ብሎ ላይሆን ይችላል፤ የሚያውቀው መስኮት በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ አካባቢ ያለው ስለሆነ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የምንዛሪው ጉዳይ ትኩረት ይሻል። በ2008ቱ አዋጅ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ደረጃ «ሐ» ነበር፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይኖርበት በቁርጥ ግብር ይስተናገዳል። ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ «ለ» ሆኖ መዝገብ ይይዛል። በወር 500 ዶላር የሚያገኝ ባለሙያ በ57 ብር ምንዛሪ ዓመታዊ ገቢው 342,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ120 ብር ሲታሰብ ይኸው ገቢ 720,000 ብር ይሆናል። ሰውየው አንድ ደንበኛ ሳይጨምር፣ አንድ ሰዓት አብልጦ ሳይሠራ ደረጃው ተለወጠ። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አውርዶ ወሰኑን 2,000,000 ብር በማድረጉ ይህን ጫና አቅልሏል። ሆኖም ወሰኑ ዛሬም በብር የተተከለ ነው። በዚሁ ማሻሻያ የቅጥር ገቢ 35 በመቶ የሚጀምረው በወር ከ14,000 ብር በላይ ነው፤ በ140 ብር ምንዛሪ ይህ 100 ዶላር መሆኑ ነገሩን ያስረዳል።

በመሆኑም ሦስት እርምጃዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛ፣ በሦስቱ ከተሞች ያሉ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች መኖሪያ ቤትን እንደ ሥራ አድራሻ የሚቀበል፣ ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ብቻ የሚያስተናግድ መስኮት ይክፈቱ። ሁለተኛ፣ በባንክ የገባ የውጭ ምንዛሪ ማስረጃ ለገቢው በቂ ሰነድ ተደርጎ ይወሰድ፤ ደረሰኝ ለማይቆርጥ የባሕር ማዶ ደንበኛ የአገር ውስጥ ደረሰኝ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ሦስተኛ፣ ወጪ በግምት ይያዝ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ የሒሳብ፣ የምሕንድስናና የመሳሰሉት ባለሙያዎች፣ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን እስካላለፈ፣ የጠቅላላ ገቢያቸውን ግማሽ እንደ ትርፍ አስታውቀው እንዲከፍሉ ፈቅዳለች።

«ቁጥራቸው ጥቂት ለሆነ ሰዎች ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው፦ መንገዱ ሲጠብ ገንዘቡ በባንክ መምጣቱን ትቶ በእጅ ሐዋላ ይመጣል። በዚህም ከተማው ግብሩን፣ አገሪቱ ምንዛሪውን ያጣሉ። ባለሙያውም ከዚህ ያልተናነሰ ጉዳት ያገኘዋል። ገቢውን የሚያስረዳ ሰነድ የሌለው ሰው ከባንክ ብድር፣ ከኤምባሲ ቪዛ ሲጠይቅ ሥራ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ዓመታት የደከመበት ሙያ በወረቀት ላይ የለም።

እስከዚያው ግን ግዴታው አይጠብቅም። ከቅጥር የሚወጣ ባለሙያ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ውሉን፣ የክፍያ መጠየቂያውን፣ የባንክ ማስረጃውንና የወጪ ደረሰኙን በአንድ ማኅደር ሊያኖር፣ ከእያንዳንዱ ክፍያም የግብሩንና የጡረታውን ድርሻ ለይቶ ሊያስቀምጥ ይገባል። ቀድሞ የደመወዝ ክፍሉ ያደርግለት የነበረው ይህንኑ ነበር።